የፓወር ስቲሪንግ ፓምፕና የዘይት ማጠራቀሚያ ሲቀየር፦ የትኛው ምርጫ ለየትኛው መኪና?

አዲስ ፓምፕ ገጥሜ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ጩኸት ተመለሰ። መሪውን እስከ ጥግ ሳዞር ከኮፈኖው ሥር የሚያቃስት ድምፅ ይወጣል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ደግሞ ይብሳል። ፓምፑን የሸጠልኝ ሰው የፋብሪካ ጉድለት ይሆናል ብሎ ሌላ ሰጠኝ። ያም ጥቂት ቆይቶ ማቃሰት ጀመረ። በመጨረሻ የዘይት ማጠራቀሚያውን ፈትቼ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ከታች፣ ዘይቱ ወደ ፓምፑ በሚወርድበት አፍ ላይ፣ ስስ ወንፊት አለ። ወንፊቱ ከአሮጌ ቱቦና ከሲል (ዘይት እንዳይፈስ ከሚያሽገው ጎማ) በተፋቀ ጥቁር የጎማ ዝቃጭ ተደፍኖ ወደ መስኮት ሳቀናው ብርሃን እንኳ አያሳልፍም ነበር። ሁለት ፓምፕ የበላብኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፓምፕ ልቀይር የሚል ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማጠራቀሚያው ነው። ገበያው ላይ ያለው ምርጫ ብዙ ነው፤ ያገለገለ፣ የታደሰ፣ አዲስ ኦሪጅናል፣ ከፍተኛ ፍሰት ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሻጩ ስለ ፓምፑ ጉልበት ሲያወራ ይውላል። ፓምፑ ግን የሚገፋው የደረሰውን ዘይት ብቻ ነው፤ ያልደረሰውን ከየትም አያመጣውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እዚህም ምንጩ መቅደም አለበት።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፦ በእርግጥ ጥፋቱ የፓምፑ ነው?

መሪ ከበደ ማለት ፓምፕ ሞተ ማለት አይደለም። የፊት ጎማ ነፋስ ሲያንሰው፣ ቺንጋ (ፓምፑን በሞተሩ ኃይል የሚያዞረው ቀበቶ) ሲላላ፣ የመሪው ዘንግ ክሮቼራ (መታጠፊያ መገጣጠሚያው) ሲደርቅ፣ የእግር መገጣጠሚያዎች ሲጨብጡ መሪው ይከብዳል። እነዚህን ለማየት ምንም ግዢ አያስፈልግም።

ምልክቶቹን እንዲህ ይለዩ። መሪው ወደ አንድ ወገን ብቻ ከከበደ ፓምፑን ይተዉት፤ ፓምፑ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው የሚልከው፤ ጥፋቱ ያለው ራኩ ወይም ስቲሪንግ ቦክሱ ውስጥ፣ ማለትም የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ በሚያስተላልፈው ክፍል ውስጥ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከብዶ ነዳጅ ሲረገጥ የሚቀል ከሆነ የፓምፑ ውስጥ ተበልቶ ወይም የሚደርሰው ዘይት አንሶ ይሆናል። ጥግ ላይ ሲደርስ ስለታም ፉጨት ከተሰማ ቺንጋውን ይመርምሩ። የማቃሰት ድምፅ ከሆነና የማጠራቀሚያው ዘይት አረፋ ይዞ ወተት የመሰለ ከሆነ ሥርዓቱ አየር እየሳበ ነው። አየር የሚገባው ብዙ ጊዜ በማጠራቀሚያውና በፓምፑ መካከል ነው። እዚያ ያለው ቱቦ ዘይት ስለሚሳብበት ቀዳዳው ዘይት ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ፓምፑን የሚወነጅሉት ብዙዎች ናቸው። በሆንዳ መኪኖች ላይ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በፓምፑ መግቢያ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ምክንያት ነው፤ ኦሪንጓን መቀየር ፓምፑን ከመቀየር ያድናል።

ቁርጡን የሚነግረው ግን የግፊት ጌጅ ነው። ጌጁ ከመዝጊያ ቫልቭ ጋር በፓምፑ መውጫ ላይ ይገጠማል፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩ ይዘጋና ግፊቱ ይነበባል። ከ5 ሰከንድ በላይ ዘግቶ ማቆየት ፓምፑን ሊያቃጥል ይችላል። የተነበበው ግፊት የመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ ከሚለው በታች ከሆነ ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው። ግፊቱ ልክ ሆኖ መሪው ከከበደ ግን ፓምፕ አይግዙ።

ምርጫዎቹ የሚመዘኑባቸው ነጥቦች

ፍሰትና ግፊት። ሰው አብዝቶ የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ግፊት ጉልበት ነው፤ የቆመ መኪና ጎማ አስፋልት ላይ የሚጠመዘዘው በግፊት ነው። ፍሰት ደግሞ ፍጥነት ነው፤ መሪውን ቶሎ ሲያዞሩ ዘይቱ እጅዎን ተከትሎ እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። መሪውን ቀስ ሲያዞሩት ቀሎ፣ ፈጠን ሲያደርጉት ድንገት እንደ ድንጋይ ከደነደነ የጎደለው ፍሰት ነው። ቀስ ብለውም ቢያዞሩት ከከበደ የጎደለው ግፊት ነው። ይህን ሳይለዩ "ጠንካራ ፓምፕ" መግዛት ቁጥሩን ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

በመንገደኛ መኪኖች ላይ ፍሰቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር፣ ከፍተኛው ግፊት ደግሞ ከ70 እስከ 120 ባር አካባቢ ነው። ሁለቱንም የሚወስኑት ፓምፑ ውስጥ ያሉ ቫልቮች ናቸው። አንዱ ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር ትርፉን ዘይት መልሶ ወደ መግቢያው ያዞረዋል፤ ሌላው ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ይከፈታል። ስለዚህ "ይህ ፓምፕ ትልቅ ነው" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። አንድ ዓይነት አካል ያላቸው ሁለት ፓምፖች በቫልቫቸው ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሌላው የሚዘነጋው ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር ነው። በምሳሌ እንየው። የሞተሩ ፑሌጃ 150 ሚሊሜትር፣ የፓምፑ 125 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ፓምፑ 960 ይዞራል። በአንድ ዙር 10 ሚሊሊትር የሚገፋ ፓምፕ ከሆነ በደቂቃ 9.6 ሊትር መሆኑ ነው፤ በተግባር በውስጥ ማፍሰስ ምክንያት ትንሽ ያንሳል። ሞተሩ 6500 ሲዞር ፓምፑ 7800 ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ዘይቱን ያሞቃል፣ ፓምፑን ይበላል። ለውድድር የሚነዱ ሰዎች የፓምፑን ፑሌጃ ወደ 150 ሲያሳድጉት ጫፉ ላይ 6500 ብቻ ይዞራል፤ ሚኒሞ ላይ ግን 800 ይሆንና ፍሰቱ ወደ 8 ሊትር ይወርዳል። አንዱን ሲያገኙ ሌላውን ይከፍላሉ። ከተማ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ለሚውል መኪና ይህ ልውውጥ አይጠቅምም።

የመሳቢያው መንገድ። ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ሰፊ፣ አጭር፣ ያልተጣጠፈ መሆን አለበት፤ የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ፓምፑ የሚፈልገውን ካላገኘ ዘይቱ ውስጥ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ግፊቱ ጋ ሲደርሱ ይፈነዳሉ። የሚሰማው ማቃሰት ይኸው ነው፤ ብረቱንም እየፈለፈለ ይበላዋል።

ሙቀት። 100 ባር በደቂቃ 8 ሊትር ሲገፋ 1.3 ኪሎዋት ያህል ጉልበት ነው። መሪው ጥግ ላይ ተይዞ ሲቆይ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ጥግ ላይ አይያዝ የሚባለውም ለዚህ ነው። ዘይቱ ከ120 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ሲሎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይቱም ይጠቁራል።

የዘይት ዓይነት። ፓምፑ፣ ራኩና ሲሎቹ በአንድ ዘይት ተማምነው የተሠሩ ናቸው። ብዙ የቶዮታ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት፣ ማለትም ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይላሉ። ሆንዳ የራሱን ይፈልጋል፤ የካምቢዮ ዘይት ሲጨመርበት ሲሎቹ ይበላሻሉ። በርካታ የቢኤምደብልዩ፣ የፎልክስዋገንና የቮልቮ ሞዴሎች አረንጓዴውን ሲኤችኤፍ 11ኤስ ወይም አቻውን ይወስዳሉ። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ማጠራቀሚያውን ከሌላ መኪና ካመጡ ግን ክዳኑ የሚለውን ሳይሆን ራኩ የሚፈልገውን ይከተሉ። የፍሬን ዘይት በስህተት እንኳ አይግባበት፤ ሲሎቹን አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያስቀይራል።

መግጠሚያውና ጥቃቅኑ። የመውጫው ጥርስ ዓይነት፣ የፑሌጃው መስመር፣ የግፊት ሴንሰሩ። አንዳንድ መኪና ላይ መሪው ሲዞር ሞተሩ ሚኒሞውን እንዲጨምር የሚነግር ሴንሰር አለ፤ አዲሱ ፓምፕ ወይም ቱቦ ለሱ ቦታ ከሌለው መኪናው ሲቆም ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። በአንዳንድ የቀድሞ ቶዮታዎች ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራ የአየር ቫልቭ ፓምፑ ላይ ተጠምዝዟል። ያ ቫልቭ ሲበላሽ ሞተሩ የመሪውን ዘይት በአየር ቱቦው ይጠጣዋል፤ ዘይቱ ሳይፈስ ይጎድላል፣ ጭስ ማውጫው ነጭ ያጨሳል። ፓምፑ ደህና ነው፤ የሚቀየረው ቫልቩ ብቻ ነው።

ፓምፑን በተመለከተ ያሉት ምርጫዎች

*ያለውን ማደስ።* የሲል ኪት ገዝቶ ፓምፑን ፈትቶ መግጠም። ዘይት ለሚያንጠባጥብ ግን ግፊቱ ለማይጎድለው ፓምፕ ይህን አስቀድማለሁ። የተበላ ፓምፕ ግን በአዲስ ጎማ አይድንም። ሲፈታ የውስጥ ቀለበቱን በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ሞገድ ካለው ሥራውን እዚያው ያቁሙ። ደህና ከሆነ ደግሞ ምላሶቹ (እየዞሩ ዘይቱን የሚገፉት ስስ ብረቶች) ሲመለሱ ክብ የሆነው ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ቀለበቱ መዞሩን ያረጋግጡ። ቀለበቱም ብዙ ጊዜ አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት አለው። አንዷ ምላስ ተገልብጣ የገባች እንደሆነ ፓምፑ ቢዞርም ግፊቱ አይደርስም።

*ያገለገለ ኦሪጅናል።* የፋብሪካ ጥራት በትንሽ ገንዘብ፣ ግን ዕድሜው የማይታወቅ። ሲገዙ ዘንጉን ወደ ጎንና ወደ ፊት ያነቃንቁ፤ ኩሽኔታው ከላላ ይተዉት። በእጅ ሲያዞሩት ወጥ ሆኖ መዞር አለበት። ከመውጫው የሚወርደውን ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉና ወደ ፀሐይ ያዘንብሉት፤ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካዩ ያ ብረት ነው።

*የታደሰ ከፋብሪካ ወይም ከወርክሾፕ።* እዚህ ጥራቱ እንደ አዳሹ ነው። የሚለዩት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ሲል ብቻ ነው የተቀየረው፣ ወይስ ቀለበቱ፣ ምላሶቹን ይዞ የሚዞረው ሮተርና ምላሶቹም? በግፊት ማሽን ላይ ተሞክሯል? መልስ የሌለው ሻጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፓምፕ ነው የሚሸጠው።

*አዲስ፣ የፋብሪካውን ልክ የጠበቀ።* መኪናው እንዳለ ከሆነ፣ ማለትም ጎማው፣ ሞተሩና ራኩ ካልተቀየሩ፣ ከዚህ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ራኩ የሚፈልገው ፍሰትና ግፊት ተለክቶ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው "ካወጣሁ አይቀር" ብሎ ከዚህ ያልፋል፤ ለዕለት መንጃ መኪና እኔ አልመክረውም።

*ከፍተኛ ፍሰት ያለው።* ትልቅ ጎማ ለገጠመ፣ ስቲሪንግ ቦክስ ላለው የገጠር መኪና፣ በተለይ ጎማውን ለማዞር የሚያግዝ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ ክንድ ለተገጠመለት ተገቢ ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ተጨማሪ ዘይት ይውጣል፤ የፋብሪካው ፓምፕ ሁለቱን ማጥገብ ያቅተዋል። ለራክ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ራክ በአብዛኛው ከስቲሪንግ ቦክስ ያነሰ ፍሰት ነው የሚፈልገው። የፎርድ ሙስታንግ 2 ራክን ከጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ፓምፕ ጋር ያጋቡ ሰዎች መኪናቸው በአውራ ጎዳና ላይ በጣት ንክኪ መስመር የሚለቅ፣ ነርቭ የሆነ መሪ ሲያገኙ መፍትሔው ፍሰቱን የሚቀንስ ቫልቭ መግጠም ነው። የበዛ ፍሰት የሚነካው ምቾትን ብቻ ሳይሆን ደኅንነትንም ነው። ግፊትን ከልክ በላይ ማሳደግም እንዲሁ፤ ቀጥሎ የሚፈነዳው ቱቦው ወይም የራኩ ሲል ነው።

*በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ፓምፕ።* ቺንጋ የለውም፤ የትም ሊቀመጥ ይችላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተሩ ከኋላ የነበረው ቶዮታ ኤምአር2 እና ኦፔል አስትራ ጂ ይህን ከፋብሪካ ይዘው ወጥተዋል፤ ሞተር የሚያቀያይሩ ሰዎች ከእነዚህ መኪኖች ያወጡታል። ማጠራቀሚያው ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ነው፣ ያ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል። ዋጋው በኤሌክትሪክ በኩል ይመጣል። ቅድም ያሰላነው 1.3 ኪሎዋት በ13.5 ቮልት ከ95 አምፔር በላይ ነው፤ እነዚህ ፓምፖች ግን እስከ 80 አምፔር አካባቢ ነው የሚስቡት። ስለዚህ ጫፍ ላይ ከቺንጋ ፓምፕ ያነሰ ይሰጣሉ። ለቀላል መኪና ይበቃል፤ ለከባድ ፒካፕ አይበቃም። 16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ የራሱ ፊውዝና ጤናማ ዲናሞ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ የፍጥነት ምልክት ሳያገኙም በአንድ የተወሰነ ዙር ይሠራሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት የሚገዙት ከነዚያ ወገን መሆኑን ይጠይቁ።

ማጠራቀሚያው፦ ርካሹ ዕቃ፣ ትልቁ ልዩነት

ጥሩ ማጠራቀሚያ ሦስት ሥራ አለው፦ ዘይቱን ማሳረፍ፣ አየሩን ማስወጣት፣ ቆሻሻውን መያዝ። ከራኩ የሚመለሰው ዘይት በኃይል ይገባል። መመለሻው ከዘይቱ ወለል በላይ ከሆነ እየረጨ አረፋ ይፈጥራል፤ ከወለሉ በታች ገብቶ ከመውጫው ራቅ ብሎ፣ በመካከላቸው መከለያ ካለ አየሩ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ማጠራቀሚያ ሲገዙ ክዳኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ውስጡን ያብሩ። መከለያ ከሌለው፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ከተያዩ፣ ውጫዊ ውበቱ አያታልልዎ።

*ከፓምፑ ጋር የተያያዘ።* የጂኤም ሳጊኖ ፒ ፓምፕ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ማጠራቀሚያው ፓምፑን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያቅፈዋል። የመሳቢያ ቱቦ ስለሌለ ዘይት የማጣት ነገር አይታሰብም። ጉድለቱ መጠኑ አነስተኛ መሆኑና ሙቀቱ እዚያው መታፈኑ ነው።

*የፋብሪካው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ።* ንቀው አይለፉት። ቅርጹ ተጠንቶበት ነው የተሠራው፤ ዘይቱም ከውጭ ይታያል። ድክመቱ ወንፊቱ ነው። በብዙ መኪኖች ወንፊቱ ከፕላስቲኩ ጋር ስለተጣበቀ ለብቻው አይቀየርም፤ የሚቀየረው ማጠራቀሚያው በሙሉ ነው። የድሮዎቹ መርሴዲሶች፣ ለምሳሌ ደብልዩ 123 እና ደብልዩ 124፣ የሚቀየር የወረቀት ፊልትሮ ማጠራቀሚያቸው ውስጥ አላቸው፤ መካኒኮች ግን ረስተውት ዓመታት ሲቆይ አይቻለሁ። ፓምፕ የሚቀይር ሰው ይህን ማጠራቀሚያ አብሮ ካልቀየረ ሥራው ግማሽ ነው እላለሁ።

*የአሉሚኒየም።* ሙቀት ይችላል፣ አይሰነጠቅም፣ በመጠን ተመርጦ ይገዛል። መውጫው ኤኤን-10 (የቱቦ መግጠሚያ መጠን መለያ ነው) ወይም ከዚያ የሰፋ ይሁን። የተበየደ ስለሆነ ውስጡ የብየዳ ፍንጣሪ ሊቀር ይችላል፤ ከመግጠምዎ በፊት በማጽጃ ፈሳሽ ደጋግመው ያጥቡት፣ በነፋስ ያድርቁት፣ ማግኔትና ነጭ ጨርቅ ያስገቡ። አሉሚኒየም በማግኔት ስለማይያዝ ጨርቁን ይመኑ። ሌላው ጉድለት የዘይቱ መጠን ከውጭ አለመታየቱ ነው፤ መስታወት ወይም መለኪያ ያለውን ይምረጡ።

የትኛውም ይሁን፣ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ መግቢያ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ቱቦው ወደ ታች ብቻ ይውረድ፣ መሃል ላይ ወደ ላይ አይታጠፍ። ፊልትሮ መጨመር ካሰቡ በመመለሻው መንገድ ላይ ይሁን። በመሳቢያው ላይ የተገጠመ ፊልትሮ ቅድም የነገርኳችሁን ወንፊት በገዛ እጅ መድገም ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸር

| ምርጫ | ፍሰትና ግፊት | አስተማማኝነት | የመግጠም ድካም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ማጠራቀሚያ፣ ቱቦና ዘይት ብቻ | እንደነበረው | ጥፋቱ እዚያ ከሆነ ከፍተኛ | ቀላል | ከሁሉ ዝቅተኛ |
| ፓምፑን በሲል ኪት ማደስ | እንደነበረው | ቀለበቱ ካልተበላ ጥሩ | እጅ ይፈልጋል | ዝቅተኛ |
| ያገለገለ ፓምፕ | የፋብሪካ ልክ፣ ዕድሜው ያልታወቀ | የሚያጠራጥር | ቀላል | ዝቅተኛ |
| የታደሰ ፓምፕ | እንደ አዳሹ | እንደ አዳሹ | ቀላል | መካከለኛ |
| አዲስ የፋብሪካ ልክ | ለራኩ የተለካ | ከፍተኛ | ቀላል | ከመካከለኛ በላይ |
| ከፍተኛ ፍሰት + አሉሚኒየም ማጠራቀሚያ | ከፍተኛ | ማቀዝቀዣ ከተጨመረ ጥሩ | ቱቦና ፑሌጃ ሥራ አለው | ከፍተኛ |
| ኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ | ከመካከለኛ በታች | እንደ ገመዱና ዲናሞው | የኤሌክትሪክ ዕውቀት | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |

ለእርስዎ የትኛው?

ገንዘብ ጠባብ ከሆነና መሪው ከመጮኹ በቀር ግፊቱ ያለ ከሆነ፦ ማጠራቀሚያውን፣ የመሳቢያ ቱቦውን ከፋሼታዎቹ (ከማሰሪያዎቹ) ጋር፣ ኦሪንጉንና ዘይቱን ይቀይሩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይንዱት። ብዙ መኪና እዚህ ላይ ይፈወሳል።

ግፊቱ ወርዶ መኪናው ግን ያልተነካካ ከሆነ፦ አዲስ የፋብሪካ ልክ ፓምፕ ከአዲስ ፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ጋር። በጀቱ ካልፈቀደ የታደሰ ፓምፕ ይግዙ፤ የማጠራቀሚያውን ገንዘብ ግን ለመቆጠብ አይሞክሩ። አዲስ ፓምፕ በአሮጌ ማጠራቀሚያ ከመግጠም የታደሰ ፓምፕ በአዲስ ማጠራቀሚያ እመርጣለሁ።

ትልቅ ጎማና የሃይድሮሊክ ክንድ ላለው መኪና፦ ከፍተኛ ፍሰት ያለው ፓምፕ፣ ሰፋ ያለ አሉሚኒየም ማጠራቀሚያ፣ በመመለሻው ላይ ማቀዝቀዣ። ሦስቱ አብረው ካልሆኑ አይጀመር። ፍሰት ጨምሮ ማቀዝቀዣ የተወ ሰው በመጀመሪያው የአሸዋ ወይም የድንጋይ መንገድ ላይ ዘይቱን ያፈላዋል።

ለውድድር፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ለሚቆይ ሞተር፦ የፋብሪካ ልክ ፓምፕ፣ ትልቅ ፑሌጃ፣ መከለያ ያለው አሉሚኒየም ማጠራቀሚያ። በመዞሪያ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ መከለያውና የማጠራቀሚያው ቁመት ከፓምፑ ስም ይበልጣሉ።

ሞተር ለተቀየረለት፣ የፓምፕ ማሰሪያ ቦታ ለጠፋበት ቀላል መኪና፦ ኤሌክትሮ ሃይድሮሊኩ።

ሲገጠም የሚጎዳው ምን ነው

ተጭኖ የሚገባ ፑሌጃ በመዶሻ አይመታ፤ መንቀያና መትከያ መሣሪያ አለው። መዶሻው አዲሱን ኩሽኔታ የመጀመሪያ ቀን ይገድለዋል። የግፊት ቱቦው ጫፍ ከፓምፑ ጋር መመሳሰሉን ይዩ፤ በጂኤም መኪኖች የድሮው ሾጣጣ ጫፍ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ ኦሪንግ ባለው ጫፍ ተተክቷል፤ ሁለቱ ቢጠመዘዙ እንኳ ዘይት አይይዙም። የግፊቱን ወገን በተራ ቱቦና በፋሼታ ማሰር በፍጹም አይሞከርም። ሞተሩ እየሠራ የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይዳሰስ፤ በግፊት የሚረጭ ቀጭን ዘይት ቆዳ ይበሳል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። በጋለው የጭስ ማኒፎልድ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ እሳት ያስነሳል፤ የቱቦውን መንገድ ከዚያ ያርቁ።

አየር ማስወጣቱን አይቸኩሉበት። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ (መኪናው በሚያርፍበት መቆሚያ) ያሳርፉ። ሞተሩን ሳያስነሱ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ 20 ጊዜ ያህል ቀስ አድርገው ያዙሩ፤ ረዳት ካለ በየመሃሉ ዘይት ይጨምር። አረፋው መውጣቱን ሲያቆም ብቻ ሞተሩን ያስነሱና ይድገሙት። ሞተሩን ሲያጠፉት ዘይቱ አሁንም አረፋ ካለው ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ብዙ አዲስ ፓምፕ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ሲዞር።

ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ክዳኑን ከፍተው ንጹሕ ዘንግ ያስገቡና ጠብታውን በነጭ ጨርቅ ላይ ያሳርፉ። ቀለሙ እንደገባ ከሆነ ይተዉት። ከጠቆረ፣ አሮጌዎቹ ቱቦዎችና ራኩ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ እየታጠበ ነው፤ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው በመምጠጫ አውጥተው በአዲስ ይተኩት፣ ጨርቁ ላይ ንጹሕ ጠብታ እስኪታይ ድረስም በየ500 ኪሎሜትሩ ይድገሙት።